በጣና ዳር ታሪካዊ መልክ ያለው ሆቴል ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጣና ዙሪያ ሆቴል ለመሥራት ያሰበ ባለሀብት ለአርክቴክቱ ከሚነግራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ «የፋሲልን ግንብ ይምሰል» የሚል ነው። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ጎንደርና ግንቦቿ አሉ፤ በደሴቶቹና በዘጌ ልሳነ ምድር ብዙ ዘመን ያስቆጠሩ ገዳማት አሉ፤ ጎርጎራ ከ«ገበታ ለሀገር» ሦስት ሥፍራዎች አንዷ ሆና ከተመረጠች ወዲህም ሰሜናዊው ዳርቻ የብዙዎችን ዓይን ስቧል። ነገር ግን የቀድሞዎቹ ግንበኞች ከድንጋዩ፣ ከፀሐዩና ከውኃው ጋር የተስማሙበት ጥበብ ተትቶ የግንባቸው መልክ ብቻ ሲወሰድ፣ እንግዳው በር ላይ ፎቶግራፍ ይነሣና ክፍሉ ሲገባ በየትኛውም ከተማ የሚያገኘውን ሆቴል ያገኛል፤ ለዚያውም የሚሞቅ፣ ድምፅ የሚያስተጋባና ሐይቁን በቅጡ የማያሳይ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጩ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹን መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ማረም ይቻላል።

ግንቡን በብሎኬት ላይ መለጠፍ

በብዛት የሚታየው ስህተት ሕንፃው በተራ የኮንክሪት ምሰሶና በብሎኬት ግድግዳ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ቀጭን የድንጋይ ልባስ መለጠፍ፣ ከላይ የግንብ ጥርስ መደርደርና በየማዕዘኑ ትንንሽ ጉልላት መትከል ነው። በፋሲል ግቢ የሚገኙት ግንቦች ግርማቸውን ያገኙት በመጀመሪያ ከግድግዳቸው ውፍረት ነው። በኖራ የተያያዘው ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይስባል፣ ማታ ቀስ ብሎ ይለቀዋል፤ መስኮቱ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀመጥ ብርሃኑ ለስልሶ ይገባል፣ ዝናቡም እንጨቱን በቀላሉ አያገኘውም። በ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ላይ የተለጠፈ ድንጋይ ከእነዚህ አንዱንም አይሠራም። መስኮቱ ከግድግዳው ፊት እኩል ሆኖ ጥላ ያጣል፤ ክፍሉም ቀኑን ሙሉ የአየር ማቀዝቀዣ ጥገኛ ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንግዳው በር ከፍቶ ይቀመጣል።

ሙሉውን ሕንፃ በወፍራም ድንጋይ መገንባት ወጪው አይፈቅድ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ምድር ቤቱን፣ ማለትም እንግዳው በእጁ የሚነካውንና ጀርባውን የሚያስደግፍበትን ክፍል፣ በእውነተኛ የድንጋይ ግንብ ሠርቶ የላይኛውን ፎቅ ቀለል ባለ ግድግዳና በጥልቅ በረንዳ መጨረስ ይበልጥ ሐቀኛም፣ ይበልጥ የሚያምርም ነው። መጋጠሚያው በኖራ ቢሞላ ግድግዳው እርጥበቱን ያስተነፍሳል፤ በሐይቅ ዳር አየር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጎንደር ግንቦች ላይ በሲሚንቶና በኮንክሪት የተደረገው ጥገና ለሕንፃዎቹ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት የጥገና ባለሙያዎች ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆኖባቸዋል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ለውኃ ዳር ሕንፃ አርአያ የሚፈልግ ሰው ከዋናው ቤተ መንግሥት ይልቅ ከቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለውን የፋሲል መዋኛ ቢያጠና የበለጠ ይማራል። ሕንፃው በገንዳው ውስጥ በድንጋይ ቅስቶች ላይ ቆሞ፣ በትንሽ ድልድይ ከዳሩ ጋር ተገናኝቶ፣ በዙሪያው ያሉትን የዛፎች ጥላ ከውኃው ጋር ያገናኛል። ጥምቀት በዓል በዚያ የሚከበረውም ሥፍራው ከመነሻው ውኃን መካከሉ አድርጎ ስለታሰበ ነው። ከእርሱ የሚወሰደው ትምህርት ልኩ ነው፦ ሕንፃው ትንሽ ነው፣ ውኃውና ዛፉ ትልቅ ናቸው።

ዘመናትን መደባለቅ፣ ቅዱስ የሆነውን ለጌጥ ማዋል

በአንድ ፊት ለፊት ላይ የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ መስቀል ያለው መስኮትና የጎንደር ጉልላት አብረው ሲቆሙ የሚጠፋው የጣና የራሱ ታሪክ ነው። ጣና ክብ ቤተ ክርስቲያን የሠራ አገር ነው፤ በኡራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ በጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ከውጭ ጥላ ያለበት ዙሪያ ገብ በረንዳ፣ ከዚያ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ቅድስቱ፣ በመካከልም መቅደሱ ይገኛል። ንድፍ አውጪው ከዚህ ሊወስደው የሚችለው ዙሪያውን ጥላ የሆነውን መተላለፊያ፣ ዝቅ ብሎ የሚወርደውን የጣሪያ ክንፍና ከደማቅ ብርሃን ወደ ለስላሳው ደረጃ በደረጃ የመግባትን ስሜት ነው።

የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ገልብጦ በመጠጥ ቤት ወይም በመታጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ ማኖር ግን ሊታለፍ የማይገባ ድንበር ነው ብዬ አምናለሁ። ሥዕሉ ለጸሎት የተሣለ ነው፤ የአገሩ ሰው ሆቴሉ ውስጥ ሲያየው ይዘገንነዋል፤ እዚያ የሚሠራው አስተናጋጅም በየቀኑ በልቡ ይቆጣል። ለጌጥ የሚሆን ከዕለት ኑሮ የመጣ ሥራ ሞልቷል፦ የደንገል ሥራ፣ የሰፌድና የመሶብ ስፌት፣ የሸማኔ ጥለት።

ሐይቁን ባለበት የሚቆም አድርጎ ማሰብ

ከሁሉ የሚከፋው፣ ከተሠራም በኋላ ለማረም እጅግ የሚያስቸግረው ስህተት ይህ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሆኖ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ዳርቻው በብዙ ቦታ ለጥ ያለ በመሆኑ ውኃው በአንድ ሜትር ሲወርድ ጠርዙ ብዙ ርቀት ያፈገፍጋል። ከፍታው ከክረምቱ መጨረሻ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። በዚህ ላይ ከዓባይ መውጫ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው የጨረ ጨራ ግድብና እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ውኃው የሚወጣበትን መጠን ይወስናሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ እጅግ ወርዶ የጀልባና የመርከብ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ቦታውን በጥቅምት ብቻ አይቶ በውኃው ጠርዝ ላይ የመመገቢያ መድረክ የሚያቆም ባለሀብት በግንቦት እንግዶቹን ጭቃ ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ቦታውን በሁለቱም ወቅቶች መለካት፣ ከአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎችም ውኃው እስከ የት እንደሚደርስና እስከ የት እንደሚሸሽ መጠየቅ ከማንኛውም ሥዕል ይቀድማል። የጀልባ መቆሚያውም ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ ቢሆን፣ በዕድሜ የገፉ እንግዶች ከፍ ካለ ኮንክሪት ወደ ጀልባ መዝለል አይጠበቅባቸውም።

ዕይታ ለመክፈት ተብሎ የሚቆረጠው ደንገልም ሥራ ፈት አይደለም። ማዕበሉን ይሰብራል፣ ከየብስ የሚመጣውን ደለል ያስቀራል፣ ለወፎችና ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ ይሆናል፤ ታንኳም የሚሠራው ከእርሱ ነው። በመሐሉ ጠባብ መተላለፊያ ከፍቶ ቀሪውን መተው ይበቃል፤ እንዲያውም ሐይቁ በደንገሉ መካከል ቀስ በቀስ ሲገለጥ ከርቀት ሁሉ ነገሩ ከሚታየው የበለጠ ይማርካል። የፍሳሽ ነገር ደግሞ አከራካሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን እየወረረ ያለው እምቦጭ የሚደልበው ወደ ውኃው በሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዚህ ዳርቻ የሚሠራ ሆቴል የፍሳሽ ማጣሪያውን ከመዋኛ ገንዳው አስቀድሞ መሥራት ይኖርበታል።

ፀሐይዋ ከየት እንደምትመጣ አለማጤን

ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ስላለች ሐይቁ ከእርሷ በስተ ሰሜን ነው፤ ጎርጎራ በሰሜናዊው ዳርቻ ስላለች ሐይቁ ከእርሷ በስተ ደቡብ ነው። አንዱን ንድፍ በሁለቱም ቦታ መድገም ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ የኬክሮስ ደረጃ ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በመሆኑም የባሕር ዳር ሐይቅ ገጽ ክፍሎች ከፀሐይ የሚጠበቁ ይመስሉና በዓመቱ ሞቃት በሆነው በግንቦት ፀሐይ ታገኛቸዋለች። በጎርጎራ ደግሞ በታኅሣሥና በጥር፣ እንግዳ ለገናና ለጥምቀት በሚመጣበት ወቅት፣ ፀሐይዋ ከደቡብ ስለምትመጣ የውኃው ነጸብራቅ ጭምር ወደ ክፍሉ ይገባል። መድኃኒቱ የተጠቆረ መስታወት አይደለም፤ እርሱ የሐይቁን ቀለም ይገድለዋል። ጥልቅ በረንዳ፣ የእንጨት መዝጊያና ከፊት ለፊት የተተከለ ዛፍ ይሻላሉ።

ለሐይቁ ጀርባ መስጠት

ጄኔሬተሩ፣ ኩሽናውና የልብስ ማጠቢያው በውኃው በኩል፣ የእንግዳ ክፍሎች ደግሞ በመኪና ማቆሚያው በኩል ሲደረጉ ማየት ያሳዝናል። ሌላው የዚህ ዓይነት ስህተት ምርጡን የሐይቅ ዳር ሙሉ ለሙሉ ለሠርግና ለስብሰባ አዳራሽ መስጠት ነው፤ አዳራሽ መጋረጃው ተዘግቶ የሚሠራበት ቤት ስለሆነ ዕይታ አያስፈልገውም። ዓባይን ተከትሎ ወርዶ አስዋን ላይ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የተከፈተውን የኦልድ ካታራክት ሆቴል የተመለከተ ሰው፣ ከጥቁር ድንጋይ ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ኤሌፋንታይን ደሴት የሚያየው በረንዳ ለምን የሆቴሉ ልብ እንደሆነ ይገባዋል፦ ሁሉም እንግዳ፣ ርካሽ ክፍል የያዘውም ቢሆን፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ በዚያ ተቀምጦ ወንዙን ማየት ይችላል።

የጀልባ ጉዞውን ለሌላ ሰው ጉዳይ መተው

በሕንድ ኡዳይፑር፣ በ18ኛው መቶ ዘመን በፒቾላ ሐይቅ መካከል በተሠራው ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው ሆቴል እንግዳውን የሚቀበለው በጀልባ ነው፤ መስተንግዶው ከውኃው ላይ ይጀምራል። በጣና ዳር ግን እንግዳው ወደ ገዳማቱ የሚሄድበትን ጀልባ ከበር ላይ ከሚጠብቁ ደላሎች ጋር ተከራክሮ ማግኘት የተለመደ ነው። ሆቴሉ ዋጋው የታወቀ፣ የነፍስ አድን ጃኬት ያለው፣ በታመነ ጀልባ ነጂ የሚመራ ጉዞ ማዘጋጀት ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣና ማዕበሉ ስለሚበረታ ጉዞው ማለዳ መሆኑን እንግዳው በመጣበት ምሽት ሊነገረው ይገባል፤ ቁርሱም በዚያው ሰዓት ሊደርስ።

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች እንደማይገቡባቸው ቀድሞ አለመናገርም ከባድ ጉድለት ነው። ባልና ሚስት አብረው ሄደው አንዷ በጀልባ ላይ ስትቀር የሚደርሰው ቅያሜ ለገዳሙም ለሆቴሉም አይበጅም። ሁለቱም ሊገቡባቸው የሚችሉትን የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት፣ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉትን፣ ማመልከት ይቻላል፤ የአለባበሱን ሥርዓትና ጫማ እንደሚወለቅም አብሮ መናገር ይገባል።

ብርሃንና ድምፅን ማብዛት

ሕንፃውን ሌሊቱን ሙሉ በኃይለኛ መብራት ማጥለቅለቅ የሐይቅ ዳር በራሪ ነፍሳትን ሁሉ ወደ በረንዳው ይጠራል፤ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ቀለም ያለው መብራት ለእግር መንገዱ ይበቃል። የአካባቢው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ቢሆንም ወባ አለ፤ ስለዚህ በመስኮት ላይ ወንፊት፣ በአልጋ ላይም ያልተቀደደ አጎበር የግድ ነው። በመዋኛው ዳር ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮኸው የድምፅ ማጉያም እንግዳው ሊሰማው የመጣውን የወፍ ድምፅ ያሳጣዋል።

ከሐይቁ ዓሣ ርቆ የሚሰናዳ ገበታ

የጣና ቆሮሶና አምባዛ በር ላይ እያሉ ከሩቅ የመጣ በረዶ ዓሣ በቡፌ ላይ ማቅረብ ለእንግዳውም ለአስጋሪውም ኪሳራ ነው። ትኩስ ዓሣ በቀላሉ ተጠብሶ፣ በሎሚና በዳጣ፣ ከእንጀራ ጋር ከቀረበ ሌላ ጌጥ አይፈልግም። በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ለመራባት የሚወጣውን የጣና ነጭ ዓሣ ግን በዚያ ወቅት ከምግብ ዝርዝር ማውጣት የኃላፊነት ጉዳይ ነው፤ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ በዚህ ሐይቅ እንጂ በሌላ አይገኙም። የጾም ገበታ በረቡዕና በዓርብ ብቻ ሳይሆን በዐቢይ ጾምና በፍልሰታም በሙያ መሰናዳት አለበት፤ ዓሣ በጾም የማይበሉ ብዙዎች ስለሆኑም ለእነርሱ ሽሮውና ምስሩ እንደ ተረፈ ምርት መታየት የለበትም። ቡናውም የዘጌ ቢሆን፣ ከአቦል እስከ በረካ ቢፈላ፣ እንግዳው እስከ ሦስተኛው እንዲቀመጥ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ አንድ ሲኒ ሰጥቶ ፎቶ አስነሥቶ ማሰናበት ሥርዓቱን ያዋርደዋል።

ያልነበረ ታሪክ መፈልሰፍ

አዲስ ሕንፃ «የንጉሡ ማረፊያ የነበረ» ተብሎ ሲነገርለት፣ የተማረ እንግዳ ወዲያው ያውቃል፤ ያልተማረውም ተታሎ ይሄዳል፤ ከሁሉ በላይ በአካባቢው ያለው እውነተኛ ቅርስ፣ በጎርጎራ ያለውን የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ ጨምሮ፣ ከሐሰቱ ጋር ይቀላቀላል። አስተናጋጆችን የነገሥታት ልብስ አልብሶ ማቆምም ከዚሁ ይመደባል። በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሆቴሉ የተሠራበትን ዓመት፣ ድንጋዩ የተፈለጠበትን ሥፍራ፣ ኖራውን ያቦኩትንና ግንቡን የገነቡትን ሰዎች ስም፣ ከየትኛው ጥንታዊ ሕንፃ ምን እንደ ተማሩ ጭምር መጻፍ ይቻላል።