የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የአየር ኃይል ካሚዮን ከፎቶ ላይ እንዴት ይለያል?

በድሮ ፎቶ ላይ የሚታይ የጦር ካሚዮን የማን እንደነበረ ለማወቅ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የመኪናውን ሞዴል ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል አሜሪካ ሠራሽ መኪኖች ነበሩት፤ ጀርመኖችም በ1940 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) እንግሊዞች ሰሜን ፈረንሳይ ዳንከርክ ላይ ጥለዋቸው የሄዱትን ካሚዮኖች የራሳቸውን ታርጋ ለጥፈው ነድተዋቸዋል። ባለቤቱን የሚናገሩት ፊደሉና ቁጥሩ ናቸው።

ፎቶው ፖስታ ካርድ የሚያህል ከሆነ በ600፣ ከዚያ ካነሰ በ1200 ዲ ፒ አይ (በአንድ ኢንች የሚነበበው የነጥብ ብዛት) ስካን አድርጉት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል «የሚያጠሩ» መተግበሪያዎችን ግን አትንኩ፤ ያላዩትን አሃዝ ፈጥረው ይስላሉ፣ የደበዘዘው 3 ጥርት ያለ 8 ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ ፎቶው ተገልብጦ አለመታተሙን አረጋግጡ። የአሜሪካኖቹ ኮከብም ሆነ የእንግሊዞቹ ክብ ምልክት ግራ ቀኙ አንድ ስለሆነ መገልበጡን አያሳይም። ፊደል ካልተነበበላችሁ መሪውን እዩ፦ ለእንግሊዝ መንገድ የተሠራው ቤድፎርድ ካሚዮን በቀኝ፣ የአሜሪካው ጂ ኤም ሲ ካሚዮን በግራ ነው።

አሜሪካኖቹ ጋ ጀማሪውን ሁሉ የሚያሳስተው በበሩ ወይም በኮፈኑ ላይ ያለው ትልቅ ነጭ ኮከብ ነው። እሱ የአገር መለያ እንጂ የአየር ኃይል ምልክት አይደለም፤ የእግረኛውም መኪና ይዞታል። ኮፈኑ ላይ «ዩ ኤስ ኤ» መጻፉም የአየር ኃይል አለመሆኑን አያሳይም፤ አየር ኃይሉ ራሱን የቻለው በ1947 ነው፣ እስከዚያ የምድር ጦሩ አካል ነበር።

የሚፈለገው ፓራውልቱ ላይ ያለው ትንሹ ኮከብ ነው። ከመኪናው ፊት ለፊት እንደቆማችሁ ሆናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ። በግራ በኩል መጀመሪያ የሚመጣው የትልቁ ክፍል ቁጥር ነው። ቁጥሩን ኮከብ ከተከተለው አየር ኃይል፣ «ኤ» ፊደል ከተከተለው የምድር ጦር ነው። ከዚያ የግሩፑ (ጥቂት ስኳድሮኖችን የያዘው ክፍል) ቁጥር ይመጣል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ የስኳድሮኑ (የግሩፑ ንዑስ ክፍል) ቁጥርና የመኪናው ተራ ቁጥር ይሰፍራሉ።

ለምሳሌ በግራ 8፣ ኮከብና 91፣ በቀኝ 322 እና 14 አነበባችሁ እንበል። 8ኛው አየር ኃይል፣ እንግሊዝ አገር ባሲንግበርን የሰፈረው 91ኛው ቦምብ ጣይ ግሩፕ፣ 322ኛ ስኳድሮን፣ 14ኛ መኪና ማለት ነው። ግን በዚህ አትርኩ። የዚህ ግሩፕ ስኳድሮኖች 322፣ 323፣ 324 እና 401 ናቸው። በቀኝ ያነበባችሁት 350 ከሆነ እሱ የ100ኛው ግሩፕ ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን አሳስታችሁ አንብባችኋል፣ ተመለሱና እዩት። የመጀመሪያው ቁጥር ቦታና ጊዜም ይጠቁማል፦ 9ኛው አየር ኃይል እስከ ጥቅምት 1943 በሜዲትራንያን በኩል ነበር፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተዛወረ። 9 እና ኮከብ ያለው መኪና በሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ ከታየ ፎቶው ከዚያ በፊት የተነሳ ነው።

ፓራውልቱ በጭቃ ከተሸፈነ፣ ወይም ሳንሱር ቁጥሩን ፎቶው ላይ ከፋቀው (ይህ የተለመደ ነው) የቀረው የኮፈኑ ጎን የምዝገባ ቁጥር ነው። ክፍሉን አይነግርም፤ የመኪናውን ዓይነት ግን ይነግራል፦ ጂፕ በ20፣ ሁለት ቶን ተኩል የሚጭነው ጂ ኤም ሲ በ4፣ አምቡላንስ በ7 ይጀምራል። መጨረሻው ላይ «ኤስ» ካለ ሞተሩ ሬዲዮ እንዳይረብሽ ተደርጓል ማለት ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ይህ ቁጥር በደብዛዛ ሰማያዊ ስለሚጻፍ በወይራ አረንጓዴው ላይ የሌለ ይመስላል፤ የኮፈኑን ጎን ብቻ ቆርጣችሁ ኮንትራስቱን ጨምሩት።

እንግሊዞቹ ይቀላሉ። «አር ኤ ኤፍ» (የአየር ኃይላቸው ስም ምህጻር) ከዚያም ቁጥር፣ ከፊትና ከኋላ፤ አለቀ። የምድር ጦራቸው ካሚዮን ግን ከቁጥሩ በፊት «ኤል»፣ ቀለል ያለው መኪና «ዜድ» ይይዛል። ከ1944 ወዲህ በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ጋቢናው ፊት ላይ የአውሮፕላኖቹን ክብ ምልክት የያዙም ብዙ ናቸው። ፓራውልቱ አጠገብ ያለውን ባለ ቁጥር ቢጫ ክብ ግን የክፍል ምልክት አታድርጉት፤ ድልድይ ጠባቂው መኪናው ማለፍ መቻሉን የሚያይበት የክብደት ደረጃ ነው።

የጀርመኖቹ ነጭ ታርጋ ላይ በጥቁር የተጻፉትን ሁለት ፊደላት ማየት ይበቃል፦ «ደብልዩ ኤል» አየር ኃይል፣ «ደብልዩ ኤች» ምድር ጦር፣ «ደብልዩ ኤም» ባሕር ኃይል።

ቀለምን ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ስትገምቱ የፊልሙን ዓይነት አስቡ። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም። በእሱ ከተነሳ የእንግሊዙ ክብ ምልክት ቀይ መሃሉ ጥቁር፣ ሰማያዊው ነጣ ያለ፣ የውጪው ቢጫ ቀለበት ጨለም ያለ ሆኖ ይወጣል። ይህን ያላወቀ ሰው የማይታወቅ አገር ምልክት ያገኘ ይመስለዋል።

ስትመዘግቡ ያልተነበበውን አሃዝ በጥያቄ ምልክት ተኩት፦ «3?2»። 322፣ 332 ወይም 382 ሊሆን ይችላል፤ የግሩፑ ቁጥር ከተነበበ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የስኳድሮኖቹ ዝርዝር ይለየዋል።