ፖስት ካርድ ስታጥፉ እንዳይሰነጠቅባችሁ

ለእንቁጣጣሽ ወይም ለልደት ፖስት ካርድ በእጃችሁ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ።

ወፍራም ወረቀት ዝም ብሎ ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ባለ ቀለም ከሆነ ደግሞ ነጩ ብቅ ይልና ሥራውን ያበላሸዋል። መላው ቀላል ነው። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ፈልጉ (መቼም ከቤት አይጠፋም)። ማስመሪያ አስደግፋችሁ፣ በምታጥፉበት መስመር ላይ ሁለቴ ጫን አድርጋችሁ ሳቡት። ጎድጎድ ይበል እንጂ አይቀደድ። ከዚያ እጠፉ።

ደግሞም ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው። ከመቁረጣችሁ በፊት አንዴ በርዝመቱ፣ አንዴ በወርዱ ቀስ ብላችሁ ጎበጥ አድርጉት። ሳያስቸግር የጎበጠበት በኩል ነው ማጠፊያው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንቱን ወረቀት አበላሽቻለሁ!

አደይ አበባ ቆርጣችሁ የምትለጥፉ ከሆነ ፈሳሽ ኮላ ይቅርባችሁ፤ ወረቀቱን ያጨማድደዋል። እንደ ሊፕስቲክ እየተሽከረከረ የሚወጣው ደረቅ ኮላ ይሻላል።

ፖስታውን አስቀድማችሁ ግዙ። ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ 148 በ210 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሲ5 ፖስታ ውስጥ ልክክ ይላል።