ኩኪን እንዴት እምቢ ማለት ይቻላል?

ድረ ገጽ ስትከፍቱ «ኩኪ እንጠቀማለን» የሚል ማሳሰቢያ ብቅ ይላል። «ሁሉንም ተቀበል» የሚለው ቁልፍ ደግሞ ደምቆ ይታያል። ቸኩለን እንነካዋለን። እባካችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚያች ጋ ቆም በሉ።

ኩኪ ድረ ገጹ ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ የጽሑፍ ማስታወሻ ናት። በ1994 እ.ኤ.አ. የኔትስኬፕ (የቀድሞ ብሮውዘር ሠሪ ኩባንያ) ባልደረባ ሉ ሞንቱሊ የፈጠራት፣ ድረ ገጽ ደንበኛውን እንዲያስታውስ ነበር። ዛሬም በየደቂቃው ፓስወርድ የማትጠየቁት በእሷ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የሌላ ወገን ኩኪ («ሰርድ ፓርቲ ኩኪ») ነው፤ የከፈታችሁት ድረ ገጽ ሳይሆን ሌላ ድርጅት የሚያስቀምጠው። የማስታወቂያ ድርጅቶች በየድረ ገጹ እያስቀመጡት ከአንዱ ወደ ሌላው ይከተሏችኋል። ስለ ሕመማችሁ ያነበባችሁት ሳይቀር ይመዘገባል።

መጀመሪያ ማሳሰቢያው ላይ «ሁሉንም አልቀበልም» የሚለውን ፈልጉ። ከሌለ ምርጫ ወደሚስተካከልበት ግቡና «አስፈላጊ» ከሚለው በቀር ሁሉንም አጥፉ። «ሌጂቲሜት ኢንተረስት» (ድርጅቱ «ሕጋዊ ጥቅሜ ነው» ብሎ ያለ ፈቃዳችሁ መረጃችሁን የሚጠቀምበት) የሚል ክፍል ካለ እዚያም ግቡና የበራውን አጥፉ፤ ብዙ ጊዜ ሳትጠየቁ በርቶ የሚጠብቃችሁ እዚያ ነው። ከዚያ ምርጫችሁን አስቀምጡ። እምቢ ማለት ውለታ መጠየቅ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ ሊባል አይችልም ብሏል። ፈረንሳይም ጎግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣችው እምቢ ማለትን ከመቀበል ይልቅ አስቸጋሪ ስላደረገ ነው።

ቀጥሎ ብሮውዘራችሁን፣ ማለትም ድረ ገጽ የምትከፍቱበትን መተግበሪያ፣ አስተካክሉ። አንድሮይድ ላይ ክሮምን ክፈቱ፣ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ ግቡ። «ሰርድ ፓርቲ ኩኪስ» የሚለው ውስጥ «ብሎክ» የሚለውን ምረጡ። የአይፎኑ ሳፋሪ ካልነካካችሁት በቀር ራሱ ያግዳል።

የቆየውን ማጥፋትም ትችላላችሁ፤ እዚያው ሦስቱ ነጥቦች ውስጥ የብሮውዚንግ ዳታ ማጥፊያ አለ። ግን ፓስወርዶቻችሁን ሳታረጋግጡ እንዳትነኩት! ከገባችሁባቸው አካውንቶች ከሞላ ጎደል ከሁሉም ያስወጣችኋል።

ኢንተርኔት ቤት ስትጠቀሙ ደግሞ በኢንኮግኒቶ (መስኮቶቹ ሲዘጉ ኩኪውን በማያስቀረው የብሮውዘር መስኮት) ክፈቱ፤ ስትጨርሱ ሎግ አውት አድርጉና መስኮቶቹን በሙሉ ዝጉ። አንድ ቀን ሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ብሮውዘሩን ስከፍት የማላውቀው ሰው ኢሜይል እንደተከፈተ አገኘሁት። ደብዳቤዎቹ ተደርድረዋል። ደነገጥኩ። አንዱንም ሳልከፍት ሎግ አውት አደረግኩለት።