እየተራመዱ ሲቀርጹ ቪዲዮ እንዳይንቀጠቀጥ

በከተራ ዕለት ታቦት አጅቤ ወደ ጃንሜዳ ስወርድ በስልኬ እቀርጻለሁ። አንድ ዓመት ከሰዓት በኋላ የቀረጽኩት ቆንጆ ወጣ። ማታ የቀረጽኩት ግን ብዥ ጥርት፣ ብዥ ጥርት ይላል። የስልኩ ማረጋጊያ፣ ማለትም የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው ቅንብር፣ ሁለቱንም ጊዜ በርቶ ነበር። ለየት ያለው ብርሃኑ ነው።

ስልኩ ውስጥ ጋይሮስኮፕ አለ፤ እጃችሁ ወዴት እንዳዘነበለ በየቅጽበቱ ይለካል። ከዚያ ስልኩ ከምስሉ ዳር ዳሩን ለመጠባበቂያ ያስቀራል። እጃችሁ ወደ አንድ ወገን ሲያመልጥ፣ በዚያ ትርፍ ቦታ ላይ ፍሬሙን (እያንዳንዷን የቪዲዮ ምስል) እያንሸራተተ ያካክሳል። ስለዚህ ማረጋጊያው ሲበራ ምስሉ ጠበብ ይላል። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፤ አለዚያ የካህናቱ ጥላ ጫፉ ተቆርጦ ይቀራል። እኔ ላይ ደርሷል።

ማታስ? ብርሃን ሲያንስ ስልኩ ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ረዘም ላለ ጊዜ፣ ለምሳሌ 1/30 ሰከንድ ያህል ይከፍታል። በዚያች ቅጽበት እጃችሁ ከተንቀሳቀሰ ፍሬሙ ራሱ ይደበዝዛል። ማረጋጊያው ፍሬሞቹን ያስተካክላል እንጂ የደበዘዘውን አያጠራም።

መፍትሔው ይኸው፦ ስልካችሁ ፕሮ ቪዲዮ (ቅንብሩን በእጅ የምታስተካክሉበት የቀረጻ ዓይነት) ካለው ሻተሩን 1/100 ሰከንድ አድርጉት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚህ ቁጥር አምፖሎቹ አይርገበገቡም። ምስሉ ከጨለመ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ጨምሩ። ትንሽ ነጠብጣብ ይኖረዋል፤ እኔ ግን ከብዥታ ነጠብጣቡን እመርጣለሁ። ፕሮ ከሌለው ቆማችሁ ቅረጹ፤ ምሰሶ ወይም ግድግዳ ተደገፉ። በዋናው ሌንስ፣ ማለትም በ1x ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከአይፎን 14 ጋር የመጣው አክሽን ሞድ (ጠንከር ያለ ማረጋጊያ) እና መሰሎቹ ብዙ ብርሃን ስለሚፈልጉ ለቀን አስቀምጧቸው።

ስትራመዱ ስልኩን በሁለት እጅ ያዙ፤ ክርናችሁን ከጎናችሁ አስጠጉ፤ ጉልበታችሁን አላላ አድርጉ። ተረከዝ አስቀድማችሁ ቀስ ብላችሁ ርገጡ። ማረጋጊያው ትንሽ ሥራ ሲቀርለት በደንብ ይሠራል።

ስልኩን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ ካስቀመጣችሁት ግን ማረጋጊያውን አጥፉት። ካሜራውን ወደ ጎን ስታዞሩ መንቀጥቀጥ መስሎት ሊይዘው ይሞክራል፤ ምስሉም ቆም ብሎ ዘለል ይላል።