የንስሩን እንቁላል የሚሰብረው ማን ነው? ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሰኔ ፍኖተ ሰላም አካባቢ አጎቴ ቤት ነበርኩ። የአይጥ መርዝ ከበቆሎ ጋር ለውሶ ጎተራው ሥር ሲበትን አየሁት። አሞራውንም ጭልፊቱንም ይጎዳል አልኩት። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስበትን አንድ የሞተ ጭልፊት አላየሁም» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሳብሰለስለው ግን ስህተቱ እዚያው ንግግሩ ውስጥ ነበር።

ሬሳ መፈለግ

አንዳንዱ ኬሚካል ወፉን አይገድልም፤ ዘሩን ነው የሚያቋርጠው። ተባይ ማጥፊያውን ዲዲቲን እንውሰድ። አካል ውስጥ ሲገባ ዲዲኢ ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ዲዲኢ ደግሞ እንቁላሉ ቅርፊት በሚለብስበት ሰዓት ካልሲየም በበቂ እንዳይደርሰው ያደርጋል። ንስሯን ብታዩዋት ጤነኛ ናት። ትበራለች፣ ታድናለች፣ እንቁላል ትጥላለች። ልታቅፈው ስትቀመጥበት ግን ከሥሯ ይሰነጠቃል። ጎጆው ባዶ ይቀራል። ሬሳ ከየት ይምጣ?

ይህን የደረሰበት ዴሪክ ራትክሊፍ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሰብስበው ያቆዩትን የጭልፊት እንቁላል ቅርፊት መዘነ። ዲዲቲ ከተስፋፋ በኋላ የተጣሉት ከድሮዎቹ ወደ 20 በመቶ ያህል ቀለው ተገኙ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። አሜሪካ ዲዲቲን በ1972 ከለከለች። ፔሪግሪን የሚባለው ጭልፊት እዚያ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው እንስሳት ዝርዝር የወጣው ግን በ1999 ነው። 27 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

በዶሮ መመዘን

«የእኔ ዶሮ እንቁላል ምንም አልሆነም» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። ዶሮ ዲዲኢን ትቋቋማለች፣ ቅርፊቷ እምብዛም አይሳሳም። ንስርና ጭልፊት ግን አይችሉትም።

ሌላም ልዩነት አለ። ዶሮ ጥሬ ትለቅማለች፤ ንስር በላተኛውን ነው የሚበላው። ጣናን አስቡት። ከማሳ የታጠበው ኬሚካል ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ደቃቅ ነፍሳት ይወስዱታል። ትንሹ ዓሣ ነፍሳቱን፣ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይበላል። ዲዲኢ ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ በቀላሉ አይወጣም፤ በየደረጃው ይጠራቀማል። ልክ እንደ ዕቁብ ነው፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ ዕጣው ሁልጊዜ የሚወጣው ለንስሩ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ ዲዲቲ ለቆላ ዝንብ ይረጭ ነበር። በካሪባ ሐይቅ ዙሪያ ዓሣ አዳኙ ንስር ከሚጥለው እንቁላል ውስጥ ዲዲኢ ተገኘ። ጣና ዳር ጠዋት ጠዋት የምንሰማው ያው ንስር ነው።

«ዲዲቲ ድሮ ቀረ» ማለት

አገራችን ለወባ ሲባል ዲዲቲን ለአስርት ዓመታት ስትረጭ ኖራለች። አፈር ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ይቆያል። አሮጌ ዱቄት በፌስታል ቋጥሮ ያስቀመጠ ካለ ጫትና ጎመን ላይ አይበትነው። ወንዝ ውስጥም አይጣለው። ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይንገር።

የተመረዘ አይጥ የትም መጣል

ወደ አጎቴ ልመለስ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ ወዲያው አይገድልም። ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ አይጡ ይደነዝዛል፣ በቀን ብርሃን ይወጣል። ለጉጉትና ለጭልፊት ከዚህ የቀለለ አደን የለም። ሴቷ እንቁላል በምትታቀፍበት ወቅት ደግሞ የሚያድነው ወንዱ ነው። መርዙን ራሱ ተሸክሞ ለሚስቱና ለጫጩቶቹ ያደርሳል። ጉጉት ጣራ ላይ ሲጮህ «ሟርተኛ» ብለን እናባርረዋለን፤ ጎተራችንን ሌሊት በነፃ የሚጠብቅልን እኮ እሱ ነው።

መርዝ የግድ ከሆነ አይጥ ብቻ በሚገባበት የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይሁን። የሞተውን በየጠዋቱ ለቅማችሁ በጥልቀት ቅበሩ።

መርፌ የተወጋ ከብት ለአሞራ መተው

ይህኛው እንቁላል ሳይሆን ወላጆቹን ይገድላል። ዳይክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ የተወጋ ከብት ሞቶ ሜዳ ላይ ሲጣል፣ ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓኪስታን ውስጥ የተረጋገጠው ይህ ነው። ህንድ ላይ አንዱ የጥንብ አንሳ ዝርያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2007 ከ99 በመቶ በላይ አለቀ። የዚህ ዝርያ ሴት በዓመት አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው፤ የጎደለው ቶሎ አይተካም። የእንስሳት ሐኪሙን በምትኩ ሜሎክሲካም የሚባለው ማስታገሻ እንዳለው ጠይቁት። ለጥንብ አንሳ አይጎዳም።

አጎቴ ባለፈው ሳምንት ደወለ። ጎተራውን በድንጋይ ከፍ አድርጎታል፣ ድመትም አስገብቷል። መርዙን ግን አልጣለውም። «ለማንኛውም ይቀመጥ» ይላል።