ያገለገለ የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር ሲገዙ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ያገለገለ የቤዝ አምፕሊፋየር እውነተኛ ዋጋ ሻጩ በጠራው ገንዘብ ላይ የጥገናው ወጪ ተደምሮ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ዕቃው ያለው ፒያሳም ይሁን አዘዞ፣ ለማየት ሲሄዱ የራስዎን ቤዝ ጊታር፣ ጤነኛነቱን የሚያውቁትን ኬብልና አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይያዙ። ቀጠሮውንም መብራት ባለበት ሰዓት ያድርጉት፤ «መብራት ሲመጣ ይሠራል» በሚል ቃል ብቻ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ሲሰካ ፊውዝ ያቃጥላል ወይም ጨርሶ አይበራም

የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አምፕሊፋየሮች ግን ብዙዎቹ የሚሠሩት በ120 ቮልት ነው። ከመሰካትዎ በፊት በጀርባው የተጻፈውን ያንብቡ። 115 እና 230 የሚል መምረጫ ካለው 230 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ 120 ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዕቃው የኃይል ፍጆታ በላይ አቅም ያለው የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ስለሚያስፈልገው ወጪውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ቮልቴጁ ትክክል ሆኖ ሳለ ካልበራ መጀመሪያ የኃይል ገመዱን፣ ቀጥሎ ፊውዙን ይፈትሹ። በፊውዙ ቦታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት ገብቶ ካገኙ አንድ ሰው ጉድለቱን ሳያስጠግን አልፎታል ማለት ነው። በዕቃው ላይ በተጻፈው አምፒር ልክ የተተካ አዲስ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሱት የውጤት ትራንዚስተሮች ወይም የኃይል ክፍሉ ተበላሽቷል፤ በመለዋወጫ ዋጋ ካልተሸጠልዎ በቀር ይተዉት።

የማያቋርጥ «እምም» የሚል ድምፅ አለው

ይህ ምልክት ብዙ መንስኤ ስላለው በትዕግሥት መለየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ኬብሉን ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የኬብሉ፣ የጊታሩ ወይም የአካባቢው ነው። ጊታሩን መልሰው ሰክተው ክሮቹን በእጅዎ ሲነኩ ድምፁ የሚቀንስ ወይም የሚጨምር ከሆነ የመሬት መስመሩን (ኧርዙን) ይጠርጥሩ። ኬብሉ ተነቅሎና ቮልዩሙ እስከ ዜሮ ወርዶም ድምፁ ከቀጠለ ግን መንስኤው ያለው በራሱ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው።

ቤዝ የሚመታ ሰው እዚህ ላይ ከማንም የተሻለ መሣሪያ በእጁ ይዟል። ከመብራት መስመር በቀጥታ የሚገባው ድምፅ 50 ኸርዝ ነው፤ ይህም በወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ከሚገኘው ሶል፣ ማለትም ከ49 ኸርዝ ጋር እጅግ ይቀራረባል። በኃይል ክፍሉ ውስጥ ያረጁ የማጣሪያ ካፓሲተሮች የሚያሰሙት ደግሞ እጥፉን፣ 100 ኸርዝ ነው፤ ይህም ከቀጭኑ ክር ክፍት ድምፅ፣ ከ98 ኸርዝ ጋር ይጠጋል። ሁለቱን ድምፆች በየተራ መትተው ከጩኸቱ ጋር ያነጻጽሩ፤ የትኛው እንደሚገጥም ጆሮዎ ይነግርዎታል።

ካፓሲተር መቀየር ለጥሩ ቴክኒሻን የተለመደ ሥራ ነው፤ ዕቃው ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ሊነዝር የሚችል ኃይል ስለሚይዙ ግን ራስዎ አይክፈቱት። የመሬት መስመር ችግር ከሆነ የባንዱን ዕቃ ሁሉ ኧርዝ ካለው ከአንድ ማከፋፈያ ያገናኙ። ድምፁን ለማጥፋት ብሎ የኧርዙን እግር መቁረጥ ግን በፍጹም የማይደረግ ነው፤ ክር የያዘ ሙዚቀኛ ከንፈሩ ማይክ ሲነካ ሊነዝረውና ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ማዞሪያው ሲዞር ይንኮሻኮሻል ወይም ድምፁ ይቆራረጣል

በበጋ አቧራ ውስጥ የከረመ ዕቃ ሁሉ ይህን ያደርጋል፤ እኔ እንዲያውም ዕቃ ለመግዛት የሚመች ጉድለት አድርጌ የማየው እርሱን ነው። አምፕሊፋየሩን አጥፍተው በማዞሪያዎቹ ውስጥ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ይንፉና ደጋግመው ያዟዙሯቸው። በጀርባው ለኤፌክት መላኪያና መቀበያ የተሠሩ ሁለት ቀዳዳዎች ካሉ በአጭር ኬብል ያገናኟቸው፤ ድምፁ ከተመለሰ የቆሸሸው የመቀበያው ጃክ ነው። ኬብሉን ሲያወዛውዙ የሚቆራረጥ ከሆነ የጃኩ ብየዳ ለቋል። ሁሉም በአነስተኛ ወጪ የሚስተካከል ነው፤ ለመደራደርም ያገለግላል። በዓቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ የሠርግ ባንድ ዕቃ ሥራ ይፈታል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ከጥር ይልቅ ያን ጊዜ እመርጣለሁ።

ወፍራሙ ክር ሲመታ ድምፁ ይቀደዳል

የቤዝ ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ፣ የባለ አምስት ክሩ 31 ኸርዝ ሲሆን የተራ ጊታር ግን 82 ነው። ስለዚህ በጊታር አምፕሊፋየር ቤዝ የሚመታ ሰው ስፒከሩን ከአቅሙ በላይ ያንቀሳቅሰዋል፤ መፍትሄውም ዕቃውን አለመግዛት ነው። ከጊታር ይልቅ የኪቦርድ አምፕሊፋየር ይሻላል። ዕቃው በእርግጥ የቤዝ ከሆነ በመጀመሪያ የሳጥኑንና የመያዣውን ብሎኖች ያጥብቁ፤ ከዚያም የስፒከሩን ወረቀት በሁለቱም እጅ ጣቶች እኩል አድርገው በቀስታ ይግፉ። የመፋቅ ድምፅ ከሰሙ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅልል ተጣሟል፤ ስፒከሩ መለወጥ አለበት። ትንሽ ስንጥቅ ብቻ ከሆነ በሚለጠጥ ሙጫ ይያዛል።

ለማሲንቆና ለክራር ማጀቢያ በምሽት ቤት 50 ዋት ይበቃል፤ ድራም ካለ ግን 200 ዋት አካባቢ ይፈልጉ። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ ከ50 ወደ 100 ለመሄድ ብዙ ብር ከመጨመር ይልቅ የተሻለ የስፒከር ሳጥን መፈለግ ይጠቅማል።

ጥቂት ከሠራ በኋላ ይጠፋል

ይህ በአምስት ደቂቃ ሙከራ አይታይም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጮክ አድርገው ይምቱ። መንስኤው ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው፦ የቆመ ፋን፣ በአቧራ የተዘጋ መተንፈሻ፣ ወይም ከተፈቀደው ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) በታች የሆነ ስፒከር። 4 ኦም ለሚችል አምፕሊፋየር ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥን ጎን ለጎን (በፓራለል) ማገናኘት ይቻላል፤ ሁለት ባለ 4 ግን ወደ 2 ኦም ይወርዳሉና ትራንዚስተሩን ያቃጥላሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ሊመጣ ስለሚችልም ዕቃውን ነቅለው ይጠብቁ።

ስፒከሩ ዝም ካለ በቴስተር ይለኩት፤ ባለ 8 ኦም ጤነኛ ስፒከር 6 አካባቢ ያሳያል፣ ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል። በዚህ ጊዜ ሌላ ስፒከር ወዲያው አይግጠሙ። አስቀድመው በትራንዚስተር አምፕሊፋየሩ የስፒከር መውጫ ላይ ቀጥተኛ (ዲሲ) ቮልቴጅ መኖሩን ይለኩ፤ ቴስተሩ ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ ካነበበ አዲሱን ማገናኘት ይቻላል፣ በርካታ ቮልት ካሳየ ግን የመጀመሪያውን ስፒከር ያቃጠለው አምፕሊፋየሩ ራሱ ስለሆነ ሁለተኛውንም ያቃጥላል።