«ይቻላቸዋል» ከሚለው ቃል ጀምሩ

የሕግ ተማሪዎች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ውጭ ጉዳይ እንዴት ነው የሚገባው?» ብለው ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ ታዩታላችሁ፣ ትፈተናላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ለዓመታት የሕግ ባለሙያ ሆኜ ድርድር ላይ ተቀምጫለሁ። የኛ ሥራ እንጀራው ቃል ነው። ስለዚህ ውል ማንበብ ልመዱ።

ከውጫሌ ጀምሩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ነው። አንቀጽ 17ን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል፤ ቁጭ ብሎ ያነበበው ግን ጥቂት ሰው ነው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ኢጣልያ የራሷን ቅጂ ይዛ ግዴታ ነው አለች። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ አማርኛውን፣ በቀኝ የጣልያንኛውን ትርጉም ገልብጡ። ግሱ ላይ በቀይ አስምሩ።

ቶሎ ወደ ዓድዋ አትሩጡ። እ.ኤ.አ. የ1969ኙን የቪየና የውሎች ሕግ ስምምነት አንቀጽ 33 አውጡና፣ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ሲጋጭ ምን እንደሚደረግ እዩ። ከዚያ ጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመውን የሰላም ውል አንብቡ። ውጫሌን ይሽራል። የተጻፈውም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። ጣልያንኛ የለበትም! ይህን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ማስታወሻ አያያዝ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ስብሰባ ላይ 11 ገጽ ጻፍኩ። አለቃዬ «ሻል (shall) ያልነው መቼ ነው ሹድ (should) የሆነው?» አሉኝ። ማን እንደተናገረ እንጂ ቃሉ መቼ እንደተለወጠ አልያዝኩም ነበር። በጣም ነው ያፈርኩት። ከዚያ ወዲህ ገጹን ሦስት ቦታ እከፍላለሁ፦ ተናጋሪው፣ ያለው ነገር፣ በረቂቁ ላይ የተነካው ቃልና ሰዓቱ።

በእንግሊዝኛ ውል ላይ ሻል ግዴታ ነው፤ ሹድ «ቢያደርጉ ይገባል» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ የአየር ንብረት ስምምነቱ የመጨረሻ ረቂቅ አንቀጽ 4 ላይ፣ ያደጉ አገሮች ልቀት ስለመቀነሳቸው በሚናገረው ቦታ ሻል ገብቶ ተገኘ። አሜሪካ አልቀበልም አለች፤ ጉባኤው ቆመ። በመጨረሻ እንደ ጽሑፍ እርማት ተቆጥሮ መድረክ ላይ ተነበበና ሹድ ሆነ።

አንድ ክስ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የከሰሱበትን። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ። በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ ተሸነፉ፤ በጉዳዩ ላይ የራሳችሁ ሕጋዊ መብት የላችሁም ተባሉ። ስድስት ዓመት የተለፋበት ነገር! ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ ላይ የነበራትን ሞግዚትነት አነሳ። የተቃወሙትን ዳኞች አስተያየት አትዝለሉ፤ ለኔ ከፍርዱ ይበልጥ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ፈረንሳይኛ ተማሩ። ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው።

አሁን ብዕር አንሡ። ኖት ቨርባል ጻፉ፤ ኤምባሲና ውጭ ጉዳይ የሚጻጻፉበት ይፋዊ ደብዳቤ ነው። «እኔ» የሚባል ነገር የለበትም፤ ሁሉ በሦስተኛ መደብ ነው። በሰላምታ ይከፈታል፣ በሰላምታ ይዘጋል። ጉዳዩ ይኸው፦ ጎረቤት አገር ድንበር ላይ የተያዙ ሦስት ሹፌሮቻችንን ቆንስላው እንዲጎበኝ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. የ1963ቱን የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ጥቀሱ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሙሉ ስማቸውን፣ የተያዙበትን ቀንና ቦታ ሳትጽፉ እንዳትልኩት። እቤት ስልኳን ይዛ የተቀመጠች ሚስት አለች።